ሻምበል ሬይን ማን ይጡረው?

ባለፈው ወር፣ እዚህ ሳን ሆዜ፣ ባልደረቦቼ ኬክ አስቆርሰው ከማስተማር ሥራዬ አሰናበቱኝ። ኬኩ ላይ በሰማያዊ ክሬም የጡረታ መልካም ምኞት በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። አማርኛ ከመናገር ይልቅ መስማት የሚቀላት ልጄ ማህሌት፣ ሹካዋን እንደያዘች «ማሚ፣ ሪታየርመንት በአማርኛ ምንድነው?» አለችኝ። «ጡረታ» አልኳት። ማስረዳት ስለምወድ እዚያ ላይ አላበቃሁም። ጡረታ የሚለው ቃል መጦር ከሚለው ግስ እንደወጣ፣ መጦር ማለትም አቅሙ የደከመን ሰው ማብላት፣ ማልበስ፣ መንከባከብ እንደሆነ በተራ በተራ ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ «ሶ፣ ሁ ኢዝ ጎና ጡር ዩ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። ይህንኑ «ማን ይጡረው» የሚል ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስለ አንድ አሜሪካዊ ፖሊስ፣ አንዲት የሱቅ ጓሮ ውስጥ ተቀምጠን ስንጠያየቅ ነበር። ነገሩ ያን ጊዜም በደንብ አልገባኝም፤ አሁንም የገባኝ አይመስለኝም።

ያኔ ለጋ አስተማሪ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ኦክላንድ ውስጥ አንድ የሕፃናት ማቆያ በረዳትነት እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እትዬ የሺ ሱቅ ጓሮ ባለችው ክፍል ለአገሬ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሱቁ የነበረው ከኦክላንድ ወደ ሳን ሊያንድሮ ሲኬድ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን ልተወው። ከትልቋ ጎረቤቷ የምትለየው የራሷ ምክር ቤትና የራሷ ጥቂት ፖሊሶች ስላሏት ብቻ ነበር። ዘመኑ ሰው ሁሉ ወገቡ ላይ ፔጀር የሚሰካበት፣ ፔጀሩ ሲጮህ ሳንቲም ይዞ የመንገድ ስልክ ፍለጋ የሚሮጥበት ነው። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን፣ ጀርባውን ፍቀን፣ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። እኛ ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት ጃኬት እንለብስ ነበር፤ ወንዶቹ ሁለት ሰው የሚይዝ ጂንስ። እትዬ የሺ በበርበሬና በሽሮ ብቻ ሳይሆን በሠርግ ቪዲዮ ይታወቃሉ። አዲስ አበባ የተሠረገ፣ የማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ሠርግ በሁለት ዶላር ያከራያሉ፤ ሰዉ ወስዶ አይቶ፣ ሰኞ ሲመልስ የማያውቃትን ሙሽራ ቀሚስ ያማል። ከሱቁ በስተቀኝ አንድ ካምቦዲያዊ የሚሠራበት ዶናት ቤት፣ በስተግራ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር። ከማጠቢያው በር ሥር የሚወጣው ሞቃት አየር ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ክረምት ላይ አውቶቡስ የምንጠብቀው እዚያ ተለጥፈን ነው። በቅርቡ በዚያ አለፍኩ። ዶናት ቤቱ የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ሆኗል። ሽታው ግን ያው ነው።

በዚያ መንገድ በእግሩ የሚዞረው ፖሊስ ሬይ ይባላል። ሻምበል አልነበረም፤ ተራ ፖሊስ ነው። ሻምበል ያሉት ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ጋሽ ወርቅነህ በስደተኝነት የመጡ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ በዕድሜም በድምፅም የክፍሌ አለቃ ነበሩ። «ይህን የሚያህል ሽበት ይዞ እንዴት ተራ ፖሊስ ይሆናል? እኛ እንሹመው» አሉ፤ ተሾመ። ሬይ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ሲራመድ ቀበቶው ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ይንሿሿል። ሰላምታ የተማረው ከእትዬ የሺ ነበርና፣ እሳቸው ሴት ደንበኞቻቸውን የሚሉትን ሰምቶ፣ ወንዱንም ሴቱንም «ደህና ነሽ?» ይላል። አስተማሪ ነኝና ላርመው ተነሣሁ። ጋሽ ወርቅነህ ከለከሉኝ። «ተዪው ቲቸር። በዚህ አገር ደህንነቴን የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው፤ በሴት አንቀጽም ቢሆን ይጠይቀኝ።» የእትዬ የሺ ሱቅ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ሬይ ማታ ማታ ሱቁ እስኪዘጋ በሩ ላይ መቆም ከጀመረ ወዲህ ግን ቀና ብሎ ያየው ሌባ የለም። እትዬ የሺ ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ጮክ ብለው ቢናገሩት የሚያልቅባቸው ይመስል።

እንግዲህ የሆነውን በሥርዓት ላስረዳ። በዚያች ከተማ ሕግ ፖሊስ ስልሳ ዓመት ሲሞላው፣ ወደደም ጠላም፣ መለዮውን ያስረክባል። ያን ሰሞን ግን የፖሊስ እጥረት ነበረና ምክር ቤቱ አዲስ ነገር አሰበ፤ መቆየት የሚፈልግ ፖሊስ፣ ሐኪሙና አለቃው ከተስማሙ፣ ነዋሪው ተሰምቶ ድምፅ ይሰጥበትና አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጠያቂ ሬይ ነበር። ይህን ዛሬ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ እንጂ ያን ጊዜ ወደ እኛ የደረሰው በእትዬ የሺ አፍ ነው። ሬይ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሪታየር ሊያደርጉት እንደሆነ፣ ስብሰባ እንደሚደረግ ነገራቸው፤ በመጨረሻም «አይ ኒድ ዩር ሳፖርት» አላቸው። ሳፖርት የሚለውን ቃል ደግሞ ከዚያ ቀደም ባለው ቅዳሜ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ተሳስቼም አይደለም። የመንግሥት ወረቀት ስንሞላ «ወላጆችህን ሳፖርት ታደርጋለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ትርጉሙን ሲጠይቁኝ «መጦር ነው» አልኳቸው። እዚያ ቦታ ላይ መጦር ነበር።

ቅዳሜ ክፍል ስገባ ማንም ደብተሩን አላወጣም። እትዬ የሺ መሀል ቆመዋል።

«ጡረታ ሊያወጡት ነው» አሉኝ። «ጡሩኝ አለ፣ ምስኪን!»

«ማን?»

«ሻምበል ሬይ ነዋ! በገዛ አንደበቱ። ጡሩኝ አለኝ።»

ጋሽ ወርቅነህ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጅ የለውም እንዴ?»

«አለው። ሳክራሜንቶ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርግለታል?»

«ኮል ያደርጋል።»

«ኮል ማድረግ መጦር ሆነ?» ብለው ጮኹ ጋሽ ወርቅነህ። «መንግሥትስ?»

«መንግሥትማ አውጥቶ ሊጥለው ነው እኮ።»

የማውቀው የሰማሁትን ያህል ነው፤ አሜሪካዊ ፖሊስ ጧሪ ቀባሪ ያጣል ብዬ አልገምትም ነበር፤ ግን ስንት የማልገምተውን ነገር በዚህ አገር አይቻለሁ። ሰዉ እንግሊዝኛውን ትቶ ወደ ድልድሉ ገባ። ሐኪም ቤት የሚያመላልሱት ጋሽ ወርቅነህ በታክሲያቸው፣ ምሳ የእትዬ የሺ፣ እሑድ እሑድ እዚያው አቅራቢያ አልባኒ የሚኖሩት ባልና ሚስት ተማሪዎቼ። ከተራሮቹ ባሻገር ዳብሊን በምትባል ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪዬ ትርፍ ክፍል እንዳለው ተናገረና «ዳብሊን ድረስ? ሽማግሌ ለማንገላታት?» ተብሎ ተዘለፈ። ከዚያ ስብሰባው ላይ የሚባለውን አስተምሪን አሉኝ። ጋሽ ወርቅነህ «እኛ እንጦረዋለን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቦርዱ ላይ ጽፌ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ምንጣፉ ቡናማ፣ ወንበሩ የሚንቋቋ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ሱፋቸውን ለብሰው ግንባር ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ከያዘች አንዲት አሜሪካዊት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን አነበበ። ስልሳ ዓመት፣ ተጨማሪ አንድ ዓመት፣ በሥራ ላይ ይቆይ ወይስ አይቆይ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሬይ ጡሩኝ አላለም፤ ደግፉኝ ነው ያለው። ሰዎቼ ደግሞ የመጡት ይረፍ ለማለት ነው። ብድግ ልበል ብዬ ጃኬቴን ስሰበስብ ጋሽ ወርቅነህ ማይክራፎኑ ጋ ደርሰዋል።

«ስለ ሻምበል ሬይ አትጨነቁ» አሉ በሚያምር፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ። «ዊ ሳፖርት ሂም። ኦል ኦፍ አስ። አንቲል ሂ ዳይ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እስኪሞት እንደግፈዋለን የሚል ነዋሪ አይተው አያውቁ ይሆናል። አንዷ የምክር ቤት አባል ዓይኗን ጠረገች። ድምፅ ተሰጠ፤ አንድ ዓመት ተጨመረለት። ሬይ ኮፍያውን እያወዛወዘ ለሁላችንም «ደህና ነሽ! ደህና ነሽ!» አለ። ጋሽ ወርቅነህ በድል አድራጊነት ወደ እኔ መጡ።

«ፈቀዱልን አይደል?»

«ጋሼ… አንድ ዓመት ይሥራ ነው ያሉት።»

ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። «እኛ እንጦረዋለን ስንል እነሱ ሥራ ጨመሩበት?»

«እነሱ የሰሙት ሌላ ነው፤ ሳፖርት ማለት…» ብዬ ጀመርኩ። ዞር ስል ያቺ አጠገቤ የነበረችው ሴት ቆማለች። የሬይ ሚስት፣ ዶሪስ ነበረች። «አንቺ ከእነሱ ጋር ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «ሠላሳ ዓመት በሩ ላይ ቆሜ ሸኝቼዋለሁ። ዛሬ ወደ ቤት ይመጣል ብዬ ነበር» አለችና ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ወጣች። እትዬ የሺ ብቻ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ሱቃቸው ዘበኛ አገኘ። አንዳንዴ ሳስበው፣ እትዬ የሺ ያን ቀን ሬይ ያላቸውን በትክክል ተረድተው፣ ጋሽ ወርቅነህን ለማስነሳት ብለው «ጡሩኝ አለ» ያሉ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ አይመስለኝም። ጠይቄያቸው «እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ?» አሉኝ፤ ግን እየሳቁ ነበር።

ጋሽ ወርቅነህ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። እንጦረዋለን ብለዋል፤ ስለዚህ ሬይን ጡረታ ሳይወጣ ይጦሩት ጀመር። በፖሊስ ልብሱ መንገድ ሲዞር ተጣጣፊ ወንበር ይዘው ይከተሉታል። «ሲት፣ ሻምበል፣ ሲት» ይሉታል። እሱም እየሳቀ ይቀመጣል። እትዬ የሺ በሾርባ ጀምረው ወደ አልጫ፣ ከአልጫ ወደ ቀይ ወጥ አሳደጉት። ከተማሪዎቼ አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነበርና በነፃ ያስተካክለዋል። ክረምት ሲመጣ አንገቱ ላይ ጋቢ ጣል ተደረገለት፤ በፖሊስ መለዮ ላይ ጋቢ! አላፊ አግዳሚው መኪና አቁሞ ያየዋል። «ሕዝባችሁ የታመምኩ ያስመስለኛል» አለኝ አንድ ቀን፤ «ምን አይተውብኝ ነው?» ላስረዳው ሞከርኩ። እኛ ዘንድ አንድ ቃል እንዳለ፣ ያ ቃል እናንተ ዘንድ ሲመጣ ሌላ እንደሚሆን… አዳምጦኝ አዳምጦኝ «እና አሁን እየሠራሁ ነው ወይስ ጡረታ ላይ ነኝ?» አለኝ። ለምን እንደማያርፍ ጠየቅሁት። «አባቴ ሥራውን ባቆመ በሁለተኛው ወር ሞተ» አለ ወደ ዶናት ቤቱ እያየ፤ «ቤት ተቀምጬ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ክፍል ውስጥ እያለን፣ የሱቁ በር ተከፈተና ዶሪስ ገባች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። «ባሌን የሚያበላው ማነው?» አለች።

እትዬ የሺ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት በጨርቅ ሸፈኑት።

«ማታ ሲመጣ ጠግቧል። ዓመቱን ሙሉ! ራቱን ሠርቼ ለውሻ ነው የምሰጠው። ውሻው ወፈረ፣ እሱም ወፈረ። ማነው?»

«ሁላችንም» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ ሳልተረጉምላቸው። ወንበር ሳቡላት። ስትቀመጥ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ አገኘችው። ቁጣዋ ከተቀመጠች በኋላ ብዙ አልቆየም። ዓይኗ እየጠፋ መሆኑን ነገረችን። ሐኪሙ መቼ ሙሉ በሙሉ እንደሚጨልም ሊነግራት አልቻለም፤ እንደሚጨልም ግን ነግሯታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሬይ እየነዳ፣ እሷ በመስኮት እያየች፣ በመኪና እስከ ተወለዱበት ሉዊዚያና ድረስ መሄድ። «በአውሮፕላን አይደለም» አለች። «መንገዱን ነው ማየት የምፈልገው። እሱ ዘንድሮም እንደገና ሊጠይቅ ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ደግሞ ለእኔ የሚታይ መንገድ አይኖርም።» ከዚያ ፊቷን ድምፅ ወደሰማችበት ወደ ጋሽ ወርቅነህ አዙራ «አይ ኒድ ዩር ሳፖርት» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጡሩኝ ነው ያለችው ወይስ ደግፉኝ?» አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ።

«በእንግሊዝኛ አንድ ናቸው ጋሼ።»

«እንዴት አንድ ይሆናሉ? አንዱ በእጅ የሚሠራ ነው፣ አንዱ በአፍ!»

«እሱ ከሄደ የእኔ በር ላይ ማን ይቆምልኛል?» አሉ እትዬ የሺ፣ ድስቱን እንደያዙ። ድስቱን አስቀምጠው ደግሞ «መንገዱ ሩቅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሩቅ ነው አልኳቸው። ምን እንደወሰንን ሳናውቅ ተበተንን። ዶሪስን ጋሽ ወርቅነህ በታክሲያቸው ሸኟት። እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም።

የዚያን ዓመት ስብሰባ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሬይ ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ዓመት እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ «ካለፈው የተለየ የምለው የለኝም» አለ፣ «የአካባቢው ሰዎች ያው እንደ አምናው ይነግሯችኋል።» ሊቀመንበሩ ጋሽ ወርቅነህን ሲያይ ገና ሳይናገሩ ፈገግ አለ። ጋሽ ወርቅነህ ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል። ማይክራፎኑን ያዙ። እትዬ የሺ ከጎኔ መቀነታቸውን እየፈቱ ያስራሉ።

«ዘንድሮ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ ንግግራቸውን በአማርኛ ጀምረው። «ዊ ሳፖርት ሂዝ ዋይፍ።»

ያጨበጨበ ሰው የለም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «ጌታዬ፣ ይቃወማሉ ማለት ነው?»

ጋሽ ወርቅነህ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

«ይቃወማሉ ወይ ነው የሚለው።»

«ሚስቱን? ማን ይቃወማታል!»

ምን ብዬ እንደምተረጉም ሳስብ ሬይ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ግን አልዘለቀም። ዶሪስን ፍለጋ ወደ ኋላ ዞረ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆማለች፤ መነጽሯን አውልቃ እያየችው ነው፣ ማለቴ እሱ ያለ የመሰላትን ቦታ እያየች፣ ከእሱ በስተግራ ያለውን ባዶ ግድግዳ። ሬይ ግድግዳውን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ሊቀመንበሩንም ጥያቄውንም ትቶ፣ ቀበቶው እየተንሿሿ ወደ ግራ ተራመደና ዓይኗ የሚያየው ቦታ ላይ ሄዶ ቆመ።